የሒሳብ የቤት ሥራ በሙድል ላይ፦ ኮምፒውተሩ እንዲያርም ከየት ልጀምር?

ጥያቄው፦ «ለፍሬሽማን ተማሪዎች ካልኩለስ አስተምራለሁ። ሴክሽኖቼ ሲደመሩ ከሁለት መቶ ተማሪ በላይ ናቸው። አሳይመንት በወረቀት ሰጥቼ፣ አርሜ፣ በሰዓቱ መመለስ አቅቶኛል። ግቢያችን ሙድል (በኢንተርኔት የማስተማሪያ ሥርዓት) አለው፤ እስካሁን ግን ፒዲኤፍ ከመጫን አላለፍኩም። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያርመው የቤት ሥራ እንዴት ላዘጋጅ? ምርጫ ብቻ እንዲሆን አልፈልግም። አንዱ ሠርቶ ቴሌግራም ላይ ሲለቀው ሁሉም የሚገለብጠውስ ነገር?»

መምህር፣ የሚፈልጉት ነገር በነፃ አለ። ገንዘብ አይጠይቅም። ጊዜ ግን ይጠይቃል፣ በተለይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ። ስለዚህ ጊዜዎን የት ላይ ቢያጠፉት እንደሚያዋጣ ልንገርዎ።

ብዙ መምህር ሙድል ላይ ኩዊዝ ሲከፍት መጀመሪያ የሚነካካው ሰዓቱን፣ ፓስወርዱንና ዴድላይኑን ነው። ፈተና አስመስሎ ይሠራዋል። የቤት ሥራ ግን ፈተና አይደለም። ዋጋው ያለው ተማሪው ሲሳሳት በሚያገኘው መልስ ላይ ነው። «ስህተት፣ ዜሮ» ብቻ የሚል ጥያቄ መቶ ቢደረደር ከወረቀቱ አይሻልም። ወረቀቱ ላይ ቢያንስ የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ነበረ። ስለዚህ ብዙ ጥያቄ አይሥሩ። በሳምንት አምስት ይበቃል፤ አምስቱ ግን ስህተትን የሚያውቁ ይሁኑ።

ሙድል አብሮት የሚመጣ «ካልኩሌትድ» የሚባል የጥያቄ ዓይነት አለው። ጥያቄውን ሲጽፉ ቁጥር እንዲቀያየር የሚፈልጉበት ቦታ ላይ በጠማማ ቅንፍ ውስጥ አንድ ፊደል ያስቀምጣሉ። ያ ፊደል ከስንት እስከ ስንት እንደሚሆን ይነግሩታል። እሱ ደግሞ የቁጥር ስብስቦችን አመንጭቶ ለየተማሪው ያድላል። ለወለድ፣ ለዲተርሚናንት፣ በአንድ ነጥብ ላይ ለሚሰላ ስሎፕ በቂ ነው። ችግሩ መልሱ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። ተማሪው 1/3 ብሎ መጻፍ አይችልም፤ 0.33 ይጽፋል። ቶለራንሱ (መልሱ ከትክክለኛው ምን ያህል ቢርቅ ልክ እንደሚባል) ደግሞ ካልነኩት 0.01 ሬላቲቭ ነው፤ የትክክለኛው መልስ አንድ በመቶ ማለት ነው። 0.33 ከ1/3 የሚርቀው በትክክል አንድ በመቶ ነው። ልክ ጠርዙ ላይ ማለት ነው። ቢያልፍም ቢወድቅም ክርክር ያመጣብዎታል። ወይ ቶለራንሱን ሰፋ ያድርጉት፣ ወይ ጥያቄው ላይ «እስከ 3 ዲሲማል» ብለው ይጻፉ። ትክክለኛው መልስ ዜሮ ሊሆን በሚችልበት ጥያቄ ላይ ደግሞ ሬላቲቩን ይተዉት። የዜሮ አንድ በመቶ ዜሮ ስለሆነ ርቀቱን በቋሚ ቁጥር የሚለካውን «ኖሚናል» ይምረጡ።

እርስዎ ግን ካልኩለስ ነው የሚያስተምሩት። ተማሪው ቁጥር ሳይሆን ፋንክሽን መጻፍ አለበት። ለዚህ የሚያስፈልግዎ ስታክ ነው።

ስታክ ሙድል ላይ የሚጨመር ነፃ ፕለጊን ነው። የጀመረው ክሪስ ሳንግዊን የሚባል የሒሳብ ምሁር ነው፤ በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ እያለ። አሁን ዋና መቀመጫው ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሒሳቡን የሚሠራለት ከጀርባ ያለው ማክሲማ የሚባል የአልጀብራ ሶፍትዌር ነው። የማክሲማ ሥር ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ የተጀመረ ፕሮጀክት ነው። ትናንት የበቀለ ነገር አይደለም። ሩቅም አይደለም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ማሴኖ ዩኒቨርሲቲ ለሒሳብ ኮርሶቹ ይጠቀምበታል።

ሌሎችም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ዌብወርክ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የተዘጋጀ ጥያቄ አለው፤ ግን የራሱን ሰርቨር ይፈልጋል። የእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሠራው ነምባስ ደግሞ ገጹ አንዴ ከተከፈተ እርማቱን እዚያው ተማሪው ስልክ ላይ ይሠራል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ቦታ ደስ ይላል። ነገር ግን መልሱም አብሮ ስልኩ ላይ ነው ያለው፤ ኮምፒውተር ነክ ተማሪ ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ለልምምድ እንጂ ለማርክ አልመክረውም። ግቢዎ ሙድል ካለው ስታክን ይያዙና ሌላውን ይርሱት።

አሁን አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። ቼይን ሩል ይሁን። የ(3ኤክስ + 2)⁵ ዴሪቬቲቭ ይፈለግ። መልሱ 15(3ኤክስ + 2)⁴ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እናንቀሳቅሳቸው። 3 የነበረችው ከ2 እስከ 9፣ 2 የነበረችው ከ1 እስከ 9፣ ፓወሩ ከ3 እስከ 7 ይሁን። 8 በ9 በ5፣ 360 የተለያየ ጥያቄ አገኘን ማለት ነው። ሁሉንም አያስፈልግዎትም። ስታክ ላይ ሠላሳ አርባውን አስቀድመው «ዲፕሎይ» ያደርጋሉ፣ ማለትም ዝግጁ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ ተማሪ ከእነሱ አንዱ ይደርሰዋል። እንዲህ ማድረጉ እርስዎም እያንዳንዱን አስቀድመው አይተው እንዲያረጋግጡ ይረዳል፤ ለሰርቨሩም ይቀለዋል።

የኤክስ አባዥ ለምን ከ1 አልጀመረችም? 1 ከሆነች የውስጡ ዴሪቬቲቭ 1 ነው። ቼይን ሩል የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ ተማሪም ሙሉ ማርክ ይወስዳል። አጠገቡ ያለው 7 የደረሰው ልጅ በዚያው አሠራር ይወድቃል። በዘፈቀደ የሚመጣ ቁጥር ላይ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ስህተቱና ልኩ አንድ የሚሆኑበትን ቁጥር ፈልገው ያውጡ።

ቀጥሎ እርማቱ። ስታክ መልስን እንደ ጽሑፍ አያወዳድርም፤ አልጀብራዊ እኩልነቱን ነው የሚያየው። ቅንፉን በትኖ የጻፈውም በቅንፍ የተወውም እኩል ያገኛሉ። እርማቱ የሚሄደው በቅርንጫፍ ነው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ይጠይቃል፦ መልሱ ከትክክለኛው ጋር እኩል ነው? ከሆነ 1 ሰጥቶ ይጨርሳል። ካልሆነ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፦ መልሱ 5(3ኤክስ + 2)⁴ ነው? ከሆነ ተማሪው በውስጡ ዴሪቬቲቭ ማባዛቱን ረስቷል። 0.4 ይስጡትና እንዲህ ይበሉት፦ «የውጭው ትክክል ነው። ቅንፍ ውስጥ ያለው ግን ኤክስ ብቻውን አይደለም። የእሱ ዴሪቬቲቭ የት ገባ?» ሦስተኛው ቅርንጫፍ 15(3ኤክስ + 2)⁵ን ይፈልጋል፦ «ማባዛቱ ጥሩ ነው፤ ፓወሩስ እንዳለ ይቀራል?» አራተኛው 405 የሚል መልስን ይይዛል። ይህ ተማሪ ቅንፉን አጥፍቶ በቦታው 3ን ተክቷል፤ 5 ጊዜ 3⁴ አድርጎታል። እሱን ወደ ማስታወሻው መመለስ ነው፤ ርዕሱን ከነገጹ ይጻፉለት። ቁጥሮቹ ስለሚቀያየሩ እነዚህን የስህተት መልሶችም በፊደላቱ ነው የሚጽፏቸው፤ ስታክ ለየተማሪው ራሱ ያሰላቸዋል።

ኮሜንቱን ሲጽፉ «ረስተሃል»፣ «ተሳስተሃል» አይበሉ። ክፍሉ ውስጥ ሴቶችም አሉ። ከላይ እንዳደረግኩት ስለ ሥራው ብቻ ቢናገሩ ይሻላል።

ቅርንጫፎቹን ከየት ያመጣሉ? ከድሮ የፈተና ወረቀት። ያለፈው ዓመት ሚድ ኤግዛም ካልተጣለ ሃያ ወረቀት ይገልብጡ። ተደጋግመው የሚመጡት ስህተቶች ሦስት ወይ አራት ናቸው። የእርስዎን ተማሪ ስህተት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሶፍትዌር የለም።

አንዳንድ ጥያቄ ላይ እኩልነት ብቻውን ጉድ ይሠራል። «ኤክስ² + 5ኤክስ + 6 ፋክተር ይደረግ» ብለው እኩልነትን ብቻ ቢያዩ፣ ተማሪው ጥያቄውን ራሱን መልሶ ቢጽፍልዎ ሙሉ ማርክ ያገኛል። እኩል ነዋ! እዚህ «ፋክፎርም» የሚባለውን ፈተሻ ይምረጡ፤ ቅርጹንም ያያል። ኢንቴግራል ላይ ደግሞ «ኢንት» የሚባል አለ፤ ኮንስታንቷን የረሳውን ለይቶ ይነግረዋል። ሌላው፣ ተማሪው የመልሱ ሳጥን ውስጥ ራሱን የዴሪቬቲቭ ትእዛዝ ጽፎ ማክሲማን ሊያሠራው ይችላል። አይስቁ፤ የሚሞክር አለ። ጥያቄው ገጽ ላይ የተከለከሉ ቃላት የሚገቡበት ቦታ አለ። የካልኩለስ ትእዛዞችን እዚያ ይክተቱ።

መልሱ ንፁህ ቁጥር እንዲሆን ከፈለጉ ከመልሱ ወደ ጥያቄው ይሂዱ። ለኳድራቲክ መጀመሪያ ሁለቱን ሩት ይምረጡ፤ ኮኤፊሸንቶቹን ከእነሱ ያስሉ። በተቃራኒው ከሄዱ ግማሹ ተማሪ ስኩዌር ሩት ውስጥ ኔጌቲቭ ቁጥር ይዞ ይመጣል።

አሁን የተማሪውን ጎን እንይ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ቅሬታ የሚመጣው በሒሳቡ አይደለም፤ በአጻጻፉ ነው። ደብተር ላይ 2ኤክስ ብሎ የኖረ ልጅ እዚህ በመካከሉ ኮከብ (*) ጻፍ ይባላል። ፓወር በ(^) ነው። «ሳይን ኤክስ» ብሎ መደዳውን መጻፍ አይቻልም፤ ሳይን ብሎ ኤክስን ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው። 1/2*ኤክስ ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩ የኤክስ ግማሽ ብሎ ነው የሚረዳው፤ ልጁ ያሰበው ግን 1/(2*ኤክስ) ሊሆን ይችላል። ስታክ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። ተማሪው ሲጽፍ ከሥሩ «መልስህን እንዲህ ነው ያነበብኩት» ብሎ በንፁህ የሒሳብ አጻጻፍ ያሳየዋል። ኤክስ ከላይ ቁጭ ብላ ሲያይ ያኔውኑ ያስተካክላል። አጻጻፉ ካልገባው ደግሞ ማርክ አይቆርጥበትም፤ አስተካክል ብሎ ይመልሰዋል። ኮከብ ሲረሳ ራሱ እንዲጨምርለት ማድረግም ይቻላል። ለፍሬሽማን ይህን ቢከፍቱት ምንም ክፋት የለውም።

ቢሆንም ሒሳብ የሌለበት «የቤት ሥራ ዜሮ» ይስጡ። ጥያቄው «ይህ ኤክስፕሬሽን ታይቶ ይጻፍ» ብቻ ይሁን። ፍራክሽን፣ ስኩዌር ሩት፣ ፓይ፣ ኤክስፖኔንሻል። ሙከራው ያልተገደበ፣ ማርኩ ለሁሉም ሙሉ። ይህን የዘለለ መምህር ሴሚስተሩን ሙሉ «ልክ ነበርኩ፣ ኮምፒውተሩ ነው የጣለኝ» ሲሰማ ይኖራል።

ወደ ኩዊዙ ሴቲንግ ስንመጣ ሁለት ነገር ላይ ብቻ ያተኩሩ። አንዱ «ኩዌስቸን ቢሄቪየር» የሚለው ነው። ካልነኩት «ዲፈርድ ፊድባክ» ላይ ይቆማል፤ ተማሪው ሁሉንም አስገብቶ እስኪጨርስ ምንም አያይም። ለፈተና ልክ ነው፤ ለቤት ሥራ ግን ያን ሁሉ የደከሙበትን ኮሜንት ያዘገያል። «አዳፕቲቭ» የሚለውን ይምረጡ። ተማሪው እያንዳንዱን ጥያቄ እዚያው ያረጋግጣል፣ ኮሜንቱን ያያል፣ እንደገና ይሞክራል። ለየስህተቱ ትንሽ ፔናሊቲ ይቆረጣል፤ 0.1 ይበቃል። ሙድል አብረውት በሚመጡት የጥያቄ ዓይነቶች ላይ የሚያስቀምጠው አንድ ሦስተኛ ለቤት ሥራ ጭካኔ ነው።

ሁለተኛው የሙከራው ብዛት ነው። ኩዊዙን ሦስት ጊዜ እንዲሠሩት ይፍቀዱ፤ ውጤቱ «ሃየስት ግሬድ» ይሁን። በየሙከራው አዲስ ቁጥር ይመጣላቸዋል። «ኢች አተምፕት ቢልድስ ኦን ዘ ላስት» የሚለውን ግን አይክፈቱ፤ ያው የድሮው ቁጥር ከነመልሱ ይመለሳል። የሰዓት ገደብ አያስቀምጡ።

ወደ ቴሌግራሙ ስንመጣ፣ ቁጥሩ ሲቀያየር መልስ መለጠፍ ዋጋ ያጣል። የተለጠፈው 15 ሲል የልጁ 28 ነው። ስለዚህ የሚለጠፈው «እንዴት እንደሚሠራ» ይሆናል። እሱ ደግሞ እርስ በርስ መማማር ነው፤ ይለጠፍ። እኔ ይበልጥ የምወደው ግን መልሱ አንድ ያልሆነ ጥያቄ ነው። «ኤክስ 2 ላይ ስሎፑ ዜሮ የሆነ፣ ግን እዚያ ማክሲመምም ሚኒመምም የሌለው ፋንክሽን ይሰጥ» ይበሉ። (ኤክስ − 2)³ ልክ ነው፤ ሌላም ስፍር ቁጥር የሌለው መልስ አለ። ስታክ መልሱን ከአንድ ከተጻፈ መልስ ጋር አያወዳድርም፤ ዴሪቬቲቩን ወስዶ 2 ላይ ያሰላል፣ ከ2 ግራና ቀኝ ምልክቱን ያያል። ሰባ ልጅ አንድ ዓይነት ያልተለመደ ፋንክሽን ካስገባ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማንም ሳይነግርዎ ያውቁታል።

ይህ ሁሉ ግን ፎቶማዝንና ቻትጂፒቲን አያስቆምም። ልጁ ጥያቄውን ፎቶ ካነሳ ቁጥሩ ቢቀያየርም ባይቀያየርም ያው ነው። በሴቲንግ የሚዘጋ ቀዳዳ አይደለም። የሚያዋጣው የማርክ ክፍፍሉ ነው። የቤት ሥራው ከመቶው 10 አይብለጥ። በየሁለት ሳምንቱ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ የወረቀት ኩዊዝ ይስጡ፤ ጥያቄው ከዚያው የቤት ሥራ ይሁን፣ ቁጥሩ ብቻ ይቀየር። ደብተር ላይ የሠራ ልጅ በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል። ደብተር የግድ ይኑራቸው ደግሞ። ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን መስመር እንጂ አሠራሩን አያይም።

ኔትወርኩ። ሙድል ተማሪው የሚጽፈውን በየደቂቃው ገደማ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ መብራት ቢጠፋ የተሠራው ባብዛኛው አይጠፋም። ዴድላይኑን እሁድ እኩለ ሌሊት አያድርጉ። ሁሉም የመጨረሻው ሰዓት ላይ ነው የሚገባው፤ ስታክ ደግሞ ለየመልሱ ማክሲማን ስለሚያናግር ሰርቨሩ ይጨናነቃል። «ግሩፕ ኦቨርራይድ» በሚባለው ለየሴክሽኑ የተለያየ ቀን ይስጡ። ዶርም ውስጥ መብራት የጠፋበትን ልጅም በ«ዩዘር ኦቨርራይድ» ለብቻው ማራዘም ይቻላል፤ ሌላውን አይነካም። የሙድል አፕ ያለ ኔት ኩዊዝ ማሠራት ይችላል፤ ግን ዲፈርድ ፊድባክ ከሆነና የሰዓት ገደብ ከሌለው ብቻ ነው። ስታክን ለዚያ አያስቡት። ተማሪዎቹ በስልካቸው ብራውዘር ይግቡ።

ጥያቄ ውስጥ ፎርሙላን ፎቶ አድርገው አይለጥፉ። ስልክ ላይ አይነበብም፤ ቁጥሩም አይቀያየርም። በላቴክ (ፎርሙላን በኮድ መጻፊያ ዘዴ) ይጻፉት። አንድ ጣጣ ግን አለ። ፎርሙላውን ስክሪን ላይ የሚያሳምረው ማትጃክስ በልማዱ ከውጭ አገር ሰርቨር ነው የሚመጣው። ግቢው ውስጥ ሙድሉ በውስጥ ኔትወርክ እየሠራ ውጫዊው ኢንተርኔት ከተቋረጠ፣ ተማሪው ፎርሙላ ሳይሆን የላቴክ ኮድ ያያል። ማትጃክስን ግቢው ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል።

ይህንና ስታክን የሚጭንልዎ አይሲቲ ክፍሉ ነው፤ እርስዎ በመምህር አካውንት አይችሉም። «ስታክ ጫኑልኝ» ብቻ ብለው ከሄዱ ግማሹ ይጫናል። ማመልከቻው ላይ እነዚህን ይጥቀሱ፦ ማክሲማ ሰርቨሩ ላይ ይጫን፤ ከስታክ ጋር የሚሄዱት የኩዌስቸን ቢሄቪየር ፕለጊኖችም አብረው ይጫኑ፤ ሲጨርሱ የስታክን «ሄልዝ ቼክ» አስኪደው ሁሉም ማለፉን ያሳዩዎት። ሌሎች ዲፓርትመንቶችም ሊጠቀሙ ካሰቡ «ማክሲማፑል» ይጨመር፤ ሒሳቡን ከዋናው ሰርቨር ላይ ያነሳለታል። ሴሚስተሩ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው አይሂዱ።

እስኪጫን ድረስ በካልኩሌትዱ ይጀምሩ። ጥያቄዎቹንም በየምዕራፉ ለይተው ኩዌስቸን ባንክ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ኩዊዙ ውስጥ ብቻ ተበትነው አይቅሩ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ በሙድል ኤክስኤምኤል ፋይል አውጥተው ፍላሽ ላይ ይያዟቸው። ያንኑ ኮርስ የሚያስተምር ጓደኛ ካለዎት ምዕራፎቹን ይካፈሉ፤ እሱ ሊሚት፣ እርስዎ ዴሪቬቲቭ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ሲዘጋ ማርኩን ከማየትዎ በፊት የመልሶቹን ሪፖርት ይክፈቱ። ስታክ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ስንት ተማሪ እንዳረፈ ያሳያል። የትኛውም ቅርንጫፍ ያልያዘው፣ ግን ሃያ ሠላሳ ልጅ የጻፈው አንድ የተሳሳተ መልስ አይጠፋም። እሱን ቁጭ ብለው ይመርምሩ፤ እንዴት እንደደረሱበት ሲገባዎት አምስተኛ ቅርንጫፍ ይጨምሩለት። በማግስቱ ክፍል ሲገቡም ከእሱ ይጀምሩ።